ፋይል ሲገለበጥ የሚንቀራፈፍ ኮምፒዩተር፡- ራም ከመግዛት በፊት

በመገናኛ አደባባይ ዙሪያ ባሉት ሕንፃዎች ውስጥ ያሉ በርካታ ቢሮዎች ያለ ፋይል ዝውውር ውለው አያድሩም። የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪው የቀረፀውን ከካሜራ ካርድ ወደ ሃርድ ዲስክ ያወርዳል። የሒሳብ ባለሙያው የደንበኛውን የፒችትሪ መዝገብ በፍላሽ ዲስክ ይዞ ይመላለሳል። አርክቴክቱ ንድፉን ለኅትመት ቤት ያደርሳል። ብዙ ጊጋ ባይት የሚመዝን ሥራ በኢንተርኔት ከሚላክ ይልቅ በኪስ ተይዞ በታክሲ የሚጓዝበት ጊዜ ዛሬም ጥቂት አይደለም።

ታዲያ ግልበጣው (ኮፒ ማድረጉ) ሲጀመር ኮምፒዩተሩ ለሌላ ሥራ እምቢ ሲል ይታያል። ማውሱ ይጎተታል፤ የኤክሴል መስኮት ነጣ ብሎ «ኖት ሪስፖንዲንግ» የሚል ጽሑፍ ያወጣል፤ የሃርድ ዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ ይበራል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ከወዳጅ ዘመድ የሚሰማው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ራም ጨምርበት» ሲሆን ሌላው «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው።

ሁለቱም ምክሮች ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ሆኖም ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የኮምፒዩተር ዕቃ ዋጋ ከዶላር ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ፣ ያላስፈለገ ራም መግዛት እንደ ቀላል ወጪ አይታይም። ፎርማት ማድረግ ደግሞ ቅጂ ያልተያዘለትን ሥራ ሊያጠፋ ይችላል። ከሁለቱም በፊት ግን ምንም ወጪ የማይጠይቅ የግማሽ ሰዓት ምርመራ አለ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሚንቀራፈፈው ራም አጥሮት ሥራውን ከዲስክ ጋር እያቀያየረ ስለሆነ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት?

ራም፣ ገጽና ስዋፕ

ራምን እንደ ቢሮ ጠረጴዛ፣ ሃርድ ዲስክን ደግሞ እንደ መዝገብ ቤት መመልከት ይቻላል። የተከፈቱ ፕሮግራሞች በሙሉ የሚሠሩት ጠረጴዛው ላይ ነው። ጠረጴዛው ሲጣበብ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለጊዜው ያልተነኩትን ወረቀቶች መርጦ ወደ መዝገብ ቤት ይልካል፤ ሲፈለጉም መልሶ ያስመጣቸዋል። ይህ ማመላለስ «ስዋፕ» ወይም «ፔጂንግ» ይባላል። አንዱ ወረቀት «ገጽ» የሚባል ሲሆን በአብዛኞቹ የግል ኮምፒዩተሮች መጠኑ 4 ኪሎ ባይት ነው። ዊንዶውስ ይህን የሚያስቀምጥበት መዝገብ «ፔጅ ፋይል» ሲባል፣ በሊኑክስ «ስዋፕ» ተብሎ ይታወቃል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ የጀመረው የማንችስተር ዩኒቨርሲቲው አትላስ ኮምፒዩተር፣ በቶም ኪልበርን የሚመራው ቡድን የሠራው ሲሆን፣ ጥቂቱን ራም ከሰፊው ማከማቻ ጋር በገጽ እያቀያየረ አንድ ትልቅ ሚሞሪ አስመስሎ የማቅረብ ዘዴን ያስጀመረ ነው። ዘዴው ሲበዛ የሚያስከትለውን ችግር ደግሞ አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ ፒተር ዴኒንግ እ.ኤ.አ. በ1968 አብራርተውታል። ማሽኑ ከሚሠራው ይልቅ ገጽ በማመላለስ የሚያጠፋው ጊዜ ሲበልጥ «ትራሺንግ» ይባላል። ጸሐፊው ሙሉ ቀን ወደ መዝገብ ቤት ሲመላለስ ውሎ አንድም ደብዳቤ ሳይጽፍ እንደሚመሽበት ማለት ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ከፍጥነት ልዩነት ነው። ከራም አንድ መረጃ ለማግኘት 100 ናኖ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ለማግኘት ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ይህም 100,000 እጥፍ ነው። ከጠረጴዛ ማንሳት አንድ ሰከንድ ቢወስድ ከመዝገብ ቤት ማስመጣት ከ27 ሰዓት በላይ ይወስዳል እንደ ማለት ነው። በኤስኤስዲ ዲስክ ልዩነቱ ወደ 1,000 እጥፍ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ተመሳሳይ ራም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች አንዱ ሃርድ ዲስክ፣ ሌላው ኤስኤስዲ ቢኖራቸው ስዋፕ የሚያደርስባቸው ጉዳት ፈጽሞ አይመሳሰልም።

ግልበጣ ራምን ምን ያደርገዋል?

ፋይል መገልበጥ በራሱ ብዙ ራም የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። 50 ጊጋ ባይት ፋይል ለመገልበጥ 50 ጊጋ ባይት ራም አያስፈልግም፤ በትንሽ በትንሹ እየተነበበ ይጻፋል። ችግሩ የሚነሳው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ደግ ነገር ለማድረግ ሲያስብ ነው።

አንደኛ፣ የተነበበውን ፋይል «ምናልባት በድጋሚ ይፈለግ ይሆናል» በማለት ራም ላይ ያቆየዋል። ይህ ማቆያ የፋይል ካሽ ይባላል። ሁለተኛ፣ የሚጻፈውን ወዲያውኑ ወደ ፍላሽ ዲስኩ ከማውረድ ይልቅ ራም ላይ አጠራቅሞ ቀስ እያለ ያወርደዋል። ለሰነድና ለፎቶግራፍ ይህ እጅግ ጠቃሚ ነው። ለ50 ጊጋ ባይት ቪዲዮ ግን አንድ ጊዜ አልፎ የማይመለስ ካርቶን ሁሉ በጠረጴዛው ላይ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ካርቶኑ ቦታ ሲያጣ የኤክሴልና የፒችትሪ ወረቀቶች ወደ መዝገብ ቤት ሊላኩ ይችላሉ።

ይህ የአንድ ኩባንያ ስንፍና አይደለም። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ቪስታ ትላልቅ ፋይሎች ካሽ ሳይነኩ እንዲገለበጡ አድርጎ ነበር። ተጠቃሚዎች ግን ግልበጣው ከኤክስፒ ይልቅ ዘገየ ብለው አማረሩ። አንዱ ምክንያት ኤክስፒ ፋይሉ ገና ራም ላይ እያለ «አለቀ» ብሎ መስኮቱን ይዘጋ ስለነበር ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሰርቪስ ፓክ 1 ወደ ካሽ ተመልሷል። በዚያው ዘመን በነበሩት 64 ቢት ሰርቨሮች የፋይል ካሹ አላግባብ እየሰፋ ፕሮግራሞችን ሲያጨናንቅ በመታየቱ ካሹን የሚገድብ ልዩ አገልግሎት አዘጋጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ዊንዶውስ 7 ጀምሮ የራም አስተዳደሩ ተሻሽሏል።

በሊኑክስም ክርክሩ ረጅም ነው። በተለመደው አሠራር፣ ገና ወደ ዲስክ ያልወረደ ጽሑፍ ለጥቅም ሊውል ከሚችለው ራም እስከ 20 በመቶ ድረስ ሊጠራቀም ይችላል። 8 ጊጋ ባይት ነፃ በሆነበት ማሽን ይህ 1.6 ጊጋ ባይት ይሆናል። በሰከንድ 5 ሜጋ ባይት ብቻ በሚጽፍ ርካሽ ፍላሽ ይህን ለማውረድ ከ5 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2013 በተነሳ ውይይት ላይ በመቶኛ የመወሰኑ ልማድ የመጣው ኮምፒዩተሮች ጥቂት ሜጋ ባይት ራም ብቻ ከነበራቸው ዘመን እንደሆነ አስታውሰዋል።

በሽታ የሚመስሉ ጤናማ ምልክቶች

ወደ ምርመራው ከመገባቱ በፊት ብዙዎችን የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል።

የመጀመሪያው «ራሙ ሞልቷል» የሚለው ነው። ባዶ ራም የሚሠራው ሥራ የለም፤ ስለዚህ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሆን ብሎ በካሽ ይሞላዋል። ፕሮግራም ሲፈልገው የካሹን ቦታ ወዲያውኑ ይለቃል። በመሆኑም የሚታየው «ፍሪ» የሚለው ቁጥር ሳይሆን «አቬይለብል» የሚለው ነው።

ሁለተኛው «ፔጅ ፋይሉ ውስጥ 2 ጊጋ ባይት ተቀምጧል» የሚለው ነው። ጠዋት ተከፍቶ የተረሳ ፕሮግራም ወደ መዝገብ ቤት ቢላክ ጉዳት የለውም። ጎጂው የተቀመጠው መጠን ሳይሆን ምልልሱ ነው። በየሰከንዱ ምን ያህል ገጽ እየወጣና እየገባ ነው? ለስንት ደቂቃስ ቀጠለ? ምርመራው ሁሉ የሚያጠነጥነው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው።

በዊንዶውስ እንዴት ይመረመራል?

ምርመራው የሚደረገው በሦስት ወቅት ነው፤ ከግልበጣው በፊት፣ በግልበጣው መሐልና ከግልበጣው በኋላ። በየወቅቱ ለ5 ደቂቃ ያህል የሚታዩትን ቁጥሮች በወረቀት መመዝገብ ይበቃል።

1. ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። «ፐርፎርማንስ» ከሚለው ክፍል «ሚሞሪ» የሚለውን ይምረጡ። «አቬይለብል» እና «ኮሚትድ» የሚሉትን ቁጥሮች ይመዝግቡ። «ኮሚትድ» ፕሮግራሞች በአጠቃላይ የተፈቀደላቸውን ሚሞሪ ያሳያል። ከግልበጣው በፊት ይህ ቁጥር በማሽኑ ላይ ከተገጠመው ራም እጅግ የሚበልጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ 8 ጊጋ ባይት ራም ባለው ማሽን 13 ከደረሰ፣ ራሙ ለዕለት ሥራውም ማነሱን የሚያመለክት ጥሩ ፍንጭ ነው።

2. ከዚያው «ሪሶርስ ሞኒተር» የሚባለውን ይክፈቱ። «ሚሞሪ» በሚለው ገጽ «ሃርድ ፎልትስ» የሚል ግራፍ አለ። ይህ ራም ላይ የሌለ ገጽ ከዲስክ እንዲመጣ የተጠየቀበትን ብዛት በሰከንድ ያሳያል። አዲስ ፕሮግራም ሲከፈት ለጥቂት ሰከንድ መዝለሉ የተለመደ ነው። ግልበጣው እስኪያልቅ ድረስ በመቶዎች እየተቆጠረ ከቀጠለ ግን ያጠራጥራል።

3. ጥርጣሬውን ወደ ማስረጃ ለመለወጥ «ዲስክ» ወደሚለው ገጽ ይሂዱ። ሃርድ ፎልት የሚቆጠረው ከፔጅ ፋይል ለሚመጣው ብቻ ሳይሆን ከተራ ፋይል ለሚነበበውም ጭምር በመሆኑ ብቻውን አይፈርድም። በዲስክ እንቅስቃሴ ዝርዝሩ ውስጥ ፔጅ ፋይሉ በስሙ ተጽፎ ይገኛል። በግልበጣው ጊዜ ከዝርዝሩ አናት አካባቢ ሆኖ ለደቂቃዎች የሚነበብና የሚጻፍ ከሆነ ስዋፑ ተረጋግጧል። ከሌለ ወይም ዝም ካለ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

4. በዚሁ ገጽ «ሪስፖንስ ታይም» የሚለውን ዓምድ ይመልከቱ። ፔጅ ፋይሉ ጸጥ ብሎ የፍላሹ ወይም የውጭ ዲስኩ ምላሽ በመቶዎች ሚሊ ሰከንድ የሚቆጠር ከሆነ፣ የዘገየው መድረሻው ዲስክ ነው። ለእንዲህ ያለው ማሽን ራም ቢጨመርለት ለውጥ አያመጣም።

ግልበጣው ካለቀ በኋላ ወደ ኤክሴል ሲመለሱ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ መጎተት የሚያሳስብ አይደለም። ወደ መዝገብ ቤት ተልከው የነበሩት ገጾች እየተመለሱ ነው።

የማክ ተጠቃሚዎች «አክቲቪቲ ሞኒተር» ውስጥ ገብተው «ሚሞሪ ፕሬዠር» የሚለውን ግራፍ ይመልከቱ። አረንጓዴ ሆኖ ከቆየ ራም አላጠረም፤ ቢጫና ቀይ ከሆነ ጭንቀት አለ።

የሊኑክስ ሰርቨር ላላቸው

የድርጅታቸውን ፋይል በሊኑክስ ሰርቨር የሚያስቀምጡ ቢሮዎች ባለሙያቸው «ቪኤምስታት» የሚባለውን ትዕዛዝ በየአንድ ሰከንዱ እንዲያስኬድ ይጠይቁ። የመጀመሪያው መስመር ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ያለውን አማካይ ስለሚያሳይ ይታለፋል። ከዚያ በኋላ «ኤስአይ» የሚለው ዓምድ ከስዋፕ ወደ ራም የገባውን፣ «ኤስኦ» ደግሞ ከራም ወደ ስዋፕ የወጣውን ያሳያል። «ኤስኦ» አንዴ ዘሎ ቢያርፍ ምንም አይደለም። ሁለቱም አብረው ለደቂቃዎች ከዜሮ ካልወረዱ ግን ያው ትራሺንግ ነው። ሁለቱም ዜሮ ሆነው «ደብሊውኤ» የሚለው ከፍ ካለ ማሽኑ ዲስክ እየጠበቀ ነው እንጂ ራም አላነሰውም።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የወጣው ሊኑክስ ከርነል 4.20 ደግሞ ፕሮግራሞች በራም እጥረት ምክንያት ከጊዜያቸው ስንት በመቶውን ቆመው እንዳሳለፉ የሚናገር የ«ፕሬዠር» መለኪያ ይዞ መጥቷል። የተጠቃሚውን ምሬት በቁጥር የሚያስረዳ በመሆኑ፣ ባለሙያው ግዢ ሲጠይቅ ይህን ቁጥር ቢያቀርብ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ስዋፕ የሚመስሉ ሌሎች ችግሮች

ምርመራው ስዋፕ አለመሆኑን ካሳየ የሚከተሉትን ማጣራት ይገባል።

አንዱ የፀረ ቫይረስ ፍተሻ ነው። እያንዳንዱ ፋይል ሲያልፍ ስለሚፈተሽ ማዘግየቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽ ምክንያት ቫይረስ በቀላሉ ስለሚዛመት መከላከያውን ማጥፋት አይመከርም።

ሌላው የጥቃቅን ፋይሎች ብዛት ነው። 20,000 ፎቶግራፎችን መገልበጥ በመጠን እኩል ከሆነ አንድ ቪዲዮ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ለእያንዳንዱ ፋይል የተለየ መዝገብ ይከፈታልና። በአንድ ማህደር ጠቅልሎ ማሸጋገር ይረዳል።

ሦስተኛው አደገኛው ነው፤ ሊሞት የተቃረበ ዲስክ። ግልበጣው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የሚቆም፣ ዲስኩም እንግዳ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ምርመራውን አቁሞ አስፈላጊውን ሥራ በፍጥነት ወደ ሌላ ዲስክ ማሸሽ ይቀድማል። የዲስኩን ጤንነት የሚናገረው «ስማርት» የተባለ መረጃ በነፃ ፕሮግራሞች ይነበባል።

አራተኛው ምንጩ፣ መድረሻውና ፔጅ ፋይሉ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ መሆናቸው ነው። ከሲ ወደ ዲ መገልበጥ ሁለት ዲስክ ይመስላል እንጂ ብዙውን ጊዜ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። አንዱ የዲስክ ክንድ በሦስት ሥራ መሐል ይዋከባል።

መፍትሔው በቅደም ተከተል

ስዋፑ ከተረጋገጠ ከማያስከፍለው ጀምሮ ወደሚያስከፍለው መሄድ ነው።

በቅድሚያ በግልበጣው ጊዜ የማያስፈልጉትን ይዝጉ፤ በተለይ በርካታ ገጽ የተከፈተበትን ብራውዘር። የፒችትሪ መዝገብ በጋራ በሚያስቀምጥ ማሽን ላይ የመጠባበቂያ ቅጂ በሥራ ሰዓት ሳይሆን ሠራተኛው ሲወጣ መያዝ የመላ ቢሮውን ቀን ያተርፋል።

ቀጥሎ ለትላልቅ ፋይሎች ካሽ የማይነካ ግልበጣ ይጠቀሙ። በዊንዶውስ 7 «ኤክስኮፒ»፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ደግሞ «ሮቦኮፒ» የተባሉት ትዕዛዞች ስላሽና የእንግሊዝኛው «ጄ» ፊደል ሲጨመርባቸው ፋይሉን በካሽ ሳያሳልፉ ይገለብጣሉ። ለጥቃቅን ፋይሎች ግን አይመረጥም። በሊኑክስ «አርሲንክ» በፍጥነት ገደብ ሊሠራ ይችላል። ሳይወርድ የሚጠራቀመው መጠን በመቶኛ ሳይሆን በሜጋ ባይት እንዲገደብም ማድረግ ይቻላል። «ስዋፒነስ» የተባለው መለኪያ በተለመደው 60 ሲሆን ዝቅ ሲደረግ ከርነሉ ፕሮግራሞችን ከማስወጣት ይልቅ ካሹን መልቀቅ ይመርጣል።

ፔጅ ፋይልን ጨርሶ ማጥፋት በብዙ ቦታ የሚሰጥ ምክር ቢሆንም ትክክል አይደለም። መዝገብ ቤቱን ማቃጠል ጠረጴዛውን አያሰፋውም። ሚሞሪው ሲያልቅ ፕሮግራሞች ያልተቀመጠ ሥራ እንደያዙ ሊዘጉ ይችላሉ። የሚጠቅመው ፔጅ ፋይሉን ፋይል ከሚገለበጥበት የተለየ አካላዊ ዲስክ ላይ ማዋል ነው።

ወደ ግዢ ሲመጣ ውሳኔው በቁጥሩ ይመራ። «ኮሚትድ» ከግልበጣው በፊትም ከራሙ እጅግ ይበልጥ ከነበረ ራም መጨመሩ ተገቢ ነው። ኮሚትድ ከራሙ በታች ሆኖ ማሽኑ የሚጎተተው በሚሽከረከር ዲስክ ምክንያት ከሆነ ግን በተመሳሳይ ገንዘብ ኤስኤስዲ ማስገጠም የበለጠ ለውጥ ያመጣል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 በማብቃቱ ማሽን ለመለወጥ ያሰቡ ቢሮዎችም የተመዘገበውን ቁጥር ይዘው ወደ ሱቅ ቢሄዱ፣ የሚሻሻል ማሽን አላግባብ ከመጣል ይድናሉ።

መብራት ሲጠፋ

የመጨረሻው ነጥብ ከፍጥነት ይልቅ የሥራን ደኅንነት የሚመለከት ነው። የተገለበጠው ፋይል ገና ራም ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ወይም ፍላሹ ቢነቀል፣ መስኮቱ «አለቀ» ቢልም ፋይሉ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። ፍላሾች በብዛት የሚጠቀሙባቸው ፋት 32 እና ኤክስፋት የተባሉ አደረጃጀቶች ከእንዲህ ያለው መቋረጥ ራሳቸውን የሚያቃኑበት መዝገብ የላቸውም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው የዊንዶውስ 10 1809 ዕትም ጀምሮ ለተነቃይ ዲስኮች ፈጣን መንቀልን የተለመደ አሠራር በማድረጉ ስጋቱ ቢቀንስም፣ በሊኑክስና በሌሎች ዲስኮች ላይ አሁንም አለ።

ስለዚህ ሁልጊዜ «ኢጀክት» ተብሎ ይነቀል። ሥራው ከካርድ ወደ ዲስክ ሲሸጋገር «ከት» አይደረግ፤ «ኮፒ» ተደርጎ፣ ፋይሉ ከመድረሻው ተከፍቶ ከታየ በኋላ ዋናው ይሰረዝ። ዴስክቶፕ የሚጠቀሙ ደግሞ ግልበጣውን ለመጨረስ የሚበቃ ዩፒኤስ ይኑራቸው። ሠርግ ደግሞ ተመልሶ አይቀረጽም።